ባለመኪናውን የጠየቀ አለ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የተከበሩ የጋሼ ታላቅ ወንድም መምህር፣ የጋሼ ባለቤት እትዬ፣ እህታችን ልጃቸው፣ የሰፈራችን ሰዎች፣ የጋራዣችን ልጆች፤ እንዲሁም መኪናችሁ ዛሬም ክሪክ ላይ እንደተሰቀለ በሐዘናችሁ መሃል "ለመሆኑ የኔ መቼ ይሆን የሚያልቀው?" እያላችሁ በሆዳችሁ የምትጠይቁ ክቡራን ደንበኞች፤ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። የእናንተም ይደርሳል። መኪናውን ማለቴ ነው።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ እኔ በጋሼ ጋራዥ የምሠራ መካኒክ ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ። መምህር ግን "ትምህርቱ ነው እሱን ያቆመው" ይላሉ፤ አስተምረውኛልና ያውቃሉ። ስም አለኝ። ጋሼ ግን "ፍሬን የለሽ" ብለው ካወጡልኝ ወዲህ እናቴም ረስታዋለች። እኔም አልማርኳቸውም፤ "ጋሽ ጆሮ" ብዬ አወጣሁላቸው። ስሙም ተጣብቆባቸው ቀረ፤ እነሆ የሬሳ ሳጥኑን የተሸከሙት ልጆች ሳይቀሩ ቅድም "ጋሽ ጆሮን ቀስ አድርጋችሁ" ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

ትናንት ልጃቸው "አንተ ተናገር" አለችኝ። መምህር ደነገጡ። "ይሄ ቀልደኛ? መቃብር ላይ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ደንግጫለሁ። እሷ ግን፣ "አባቴን በመጨረሻ ሲያስቀው የነበረ እሱ ነው፤ እሱ ይሸኘው" አለች። እህቴ፣ ምስጋና መስሎሽ ያልሽው ነገር ምን ያህል እንደወጋኝ አሁን ትሰሚያለሽ።

ለምን ጋሽ ጆሮ እንዳልኳቸው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጆሯቸው ትልቅ ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ለትልቅነቱ አይደለም። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ አይታችሁ የለ? መኪናው የሆዱን ይነግራቸዋል። ሥራ በሌለ ጊዜ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡና የሚያልፈውን ሁሉ ይሰማሉ። "ይሄ ፍሪሲዮኑን እየበላው ነው። ይሄኛው ደግሞ በሦስተኛ የሚሄደውን በሁለተኛ እየነዳ ነው፤ ከሚስቱ ተጣልቶ ወጥቷል ማለት ነው።" ሄደን ስናጣራ እውነትም ተጣልቷል። መንገድ ለሳቸው ሬዲዮ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ላውራችሁ። ባቲላሜራው ምስክሬ ነው፤ ያው እዚያ ቆሞ አፍንጫውን የሚያብሰው፣ የተጨረማመተ መኪና ቀጥቅጦ የሚያቃናው ወንድማችን።

አንድ የታክሲ ሾፌር አሮጌ መኪናውን ይዞ መጣ። "ድምፅ አለው" አለና ቁልፉን ወርውሮልኝ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ጋሼ አልነበሩም። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን መካኒክ ሆንኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ኮፈኑን ከፈትኩ። አንድ ቡሎን ፈታሁ። አንዱ ቡሎን ሌላውን እየጠራ፣ ጋሼ ሲመለሱ የሞተሩ ግማሽ መሬት ላይ ተዘርግቶ እኔ መሃሉ ተቀምጫለሁ፤ እቃ ዘርግቶ ገዢ የሚጠብቅ ነጋዴ መስዬ። ይቆጡኛል ስል አልተቆጡም። ዞር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ባለመኪናውን ጠይቀሃል?" አሉኝ።

"ምን ብዬ ጋሼ? ሞተሩ እኮ አልቋል!"

"ማለቁን አልጠየቅኩህም። ባለመኪናውን ጠይቀሃል?"

"እሱ ምን ያውቃል? ነጂ እኮ ነው።"

"መኪናው የማን ነው?"

"የሱ።"

"በል እንግዲህ፤ መንገዱን ተሻገር።"

ተሻገርኩ። ሾፌሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ ምን አለኝ መሰላችሁ? "ወንድሜ፣ እኔ ሞተር ሥሩልኝ አላልኩም። ቅዳሜ ልጄን እድራለሁ። በዚህ መኪና ነው የማደርሳት። ሙሽራ ይዤ ቋ ቋ እንዳይልብኝ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እሸጠዋለሁ፤ የገዛው ይጨነቅ!" ሞተሩ እውነትም አልቆ ነበር። ሰውየውን ያስጨነቀው ግን የላላው ማርሚታ፣ የጭስ መውጫው ነው። ማርሚታውን አጠበቅነው። ሞተሩን መልሼ ስገጥም የዋልኩትን አትጠይቁኝ፤ ባቲላሜራው እስካሁን ይስቅብኛል። ቅዳሜ ሾፌሩ ሙሽራዋን ይዞ በጋራዡ በር ሲያልፍ ጋሼ ጆሯቸውን ቀሰሩ። "ሰማህ?" አሉኝ። "ምኑን ጋሼ? ምንም አይሰማም።" "እሱኑ ነው የምልህ" አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ከዚያ ወዲህ ቡሎን በነካሁ ቁጥር ይህችው ናት። ባለመኪናውን ጠይቀሃል? ጎማ ስፈታ፣ ባለመኪናውን ጠይቀሃል? መስታወት ሳጥብ፣ ባለመኪናውን ጠይቀሃል? በመጨረሻ ተናድጄ አንድ ቀን ሻያቸውን ጠጣሁባቸውና "ባለመኪናውን ሳልጠይቅ ነው ጋሼ" አልኳቸው። ካቻቢቴ ይዘው አባረሩኝ፤ እየሳቁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የማይድን መኪና ሲመጣ መርዶውን እዚያው መኪናው አጠገብ አይናገሩም። የባለመኪናውን ክንድ ይዘው ከውሃው በርሜል ኋላ፣ ወደ ግድግዳው ጥላ ይወስዱታል። "ለምን እዚያ ድረስ ጋሼ?" አልኳቸው። ሳይስቁ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ "መኪናው እንዳይሰማ" አሉኝ። ይህችም የጋራዡ ቀልድ ሆነች። ሁለት ሰው ጥግ ይዞ ሲንሾካሾክ ካየን "ምነው፣ መኪናው እንዳይሰማ ነው?" እንላለን።

ከግድግዳው ኋላ ምን እንደሚሉ ግን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። በርሜሉ ሥር ተደብቄ ሰምቻለሁ። የዚያን ቀን ባለመኪናዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። ጋሼ እንዲህ አሏቸው፤ "እትዬ፣ አልዋሽዎትም። ይሄ መኪና ከእንግዲህ ሩቅ አይሄድም። ግን ገና ጥቂት አቅም አለው። የት ሊሄዱበት ይፈልጋሉ?" አዋላጇ አለቀሱ። ጋሼ ዝም ብለው ጠበቁ። አላባበሉም፣ አልቀለዱም፣ ዝም ብለው ጠበቁ። ከዚያ አዋላጇ፣ "እህቴ ጋ፤ አንዴ ብቻ" አሉ። ጋሼ መኪናውን ለዚያች መንገድ ብቻ አበቁት። አዋላጇ ሄደው እህታቸውን አይተው መጡ። መኪናው በሩ ላይ ቆመ፤ ዳግም አልተነሳም። እሳቸው ግን ምስጋናቸውን አልጨረሱም።

የሰውየው ሙያ እንግዲህ ይህ ነበር። ባለመኪናውን መጠየቅ። እውነቱን መንገር። የት መሄድ ይፈልጋሉ ማለት።

እኛስ ምን አደረግናቸው?

መጀመሪያ ቱታቸው ሰፋቸው። እኔ "ጋሼ፣ ከማን ተዋሱት?" እያልኩ አሾፍኩ። ቀጥሎ ሆስፒታል ገቡ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ መምህርንና የጋሼን ልጅ ኮሪደር ላይ ጠራች። እኔና ባቲላሜራውም ጆሯችንን አስረዘምን። በሽታው ጉበታቸውን አልፎ ተሰራጭቷል አለች። አይድንም አለች። "እሳቸው ማወቅ ከፈለጉ በቀስታ ልንገራቸው፤ ምን እንደሚፈልጉም አብረን እንጠይቃቸው" አለች።

መምህር፣ "በፍጹም!" አሉ። "ተስፋ ቆርጦ ያልቃል። ወንድሜን ቀኑ ሳይደርስ ልትገድይው ነው?" ሁላችንም ልክ ነው አልን። ባቲላሜራው እንኳ፣ አንድ ላሜራ ሲመታ ሰፈር የሚያናውጠው ሰውዬ፣ በሹክሹክታ "አይነገርም" አለ። ጨጓራ ነው ይባል ተባለ። ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። "አንተ ውሸት ታውቅበታለህ። ካልጋው አጠገብ አትጥፋ። አስቀው። እንዳያስብ አድርገው።"

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተፈጠርኩበት ሥራ ተጠራሁ። ሠራሁት ደግሞ! "ጋሼ፣ ጨጓራዎ እኮ ሰርቪስ ሳይገባ ከርሞ ነው፤ ዘይት ይቀየርለትና ይነሳል።" "ጋሼ፣ ይህችን ነርስ ይዩዋት፤ ስትራመድ የኋላ ጎማዋ ንፋስ የጎደለው ነው የሚመስለው።" ነርሷ በፋሻ ጥቅል ወረወረችኝ። ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። ክፍሉ የሠርግ ቤት መሰለ።

አንድ ቀን ጠዋት ዶክተሯ ገባች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዶክተር ወንበር ስቦ ሲቀመጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቼ አላውቅም። "ጋሼ" አለቻቸው፣ "ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቅዎ ምንድን ነው?"

ጋሼ ትራሱ ላይ ቀና አሉ። አፋቸውን ከፈቱ።

እኔስ? ዘልዬ ገባሁ። "ዶክተር፣ የሚያስጨንቃቸው ያንቺ መኪና ነው! ጠዋት በር ላይ ስታቆሚ ፍሪሲዮኑ ጮኾ በሽታቸውን ቀሰቀሰባቸው!"

ሁሉም ሳቀ። እትዬ ሳቁ። ነርሷ ሳቀች። ዶክተሯ ራሷ ሳታስበው ሳቀች። ጋሼም አፋቸውን ዘጉ፤ ከዚያ ሳቁ። በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ዘጉ፤ ከዚያ ሳቁ። ከዘጉት አፍ ውስጥ ምን ነበር? እኔ አላውቅም። እትዬ አያውቁም። መምህር አያውቁም። እዚህ ከቆምነው ሁሉ የሚያውቅ አለ? የለም። አሁን ደግሞ አፈር ለብሷል።

በማግስቱ መምህር ዶክተሯን ይዘዋት ወደ ኮሪደር ወጡ። "ሁለተኛ እንዳትጠይቂው" ሊሏት ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ቃሉ አይለይም፤ ሹክሹክታው ግን ይገባል። ለዚያውም ለጋሽ ጆሮ! ጣሪያውን እያዩ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፤

"ምነው፣ መኪናው እንዳይሰማ ነው?"

 ያን ጊዜ ወንበር መሳብ ነበረብኝ። ዝም ብሎ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ከግድግዳው ኋላ እሳቸው እንደጠበቁት። ምን ብዬ መለስኩ? "ኧረ ጨጓራ ነው ጋሼ" አልኩ። ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ እጄን መታ መታ አደረጉና "ይሁን፤ ጨጓራ ነው" አሉ። እሳቸው እኔን አባበሉኝ! እኛ እሳቸውን እንዳይከፋቸው ስንደብቅ፣ እሳቸው እኛን እንዳይከፋን ይደብቁ ነበር። አንድ ክፍል ሙሉ ሰው፣ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይስቃል፣ አንድም የሚያወራ የለም።

ይሄ ነው ስህተታችን። በጋሼ ሕግ ጥላው ሥር የሚወሰደው ባለመኪናው ነው። እኛ ግን ባለመኪናውን አልጋ ላይ ትተን ራሳችን ጥላው ሥር ሄድን። ባለመኪናውን እንደ መኪና ቆጠርናቸው።

ሊነግሩን አልሞከሩም ይሆን? ሞክረዋል። "ቤት ብሄድ" ብለዋል ለእትዬ። "ስትድን ትሄዳለህ" ተባሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ከዚህ ክፍል መንገድ አይሰማም" አሉ። መስኮቱ የሚያየው የሆስፒታሉን ግንብ ነበር። እኛ ስለ ክፍሉ ያማረሩ መስሎን ነርሷን ጠርተን ትራስ አስቀየርንላቸው። ትራስ! ሰውየው የቤታቸውን የፊት ክፍል፣ ከመንገዱ ዳር ያለውን አልጋ ነው የጠየቁት። እኔ አሁን ነው እንዲህ የምተረጉመው። ልሳሳትም እችላለሁ። የሚያርመኝ የለም።

ትንፋሻቸው እምቢ ያለ ቀን ዶክተሯ ሰበሰበችን። "ማሽን ባለበት ክፍል ልናስገባቸው እንችላለን፤ ግን ማሽኑ አያድናቸውም። ወይም ቤታቸው ይሆኑና እኛ ሕመሙ እንዳይጠናባቸው መድኃኒት እየሰጠን፣ ነርስ እየላክን፣ ከጎናቸው እንሆናለን። አሁን እሳቸው መናገር አይችሉም። ምን ይሉ ነበር?"

 ባቲላሜራው ጣሪያ አየ። ልጃቸው እናቷን አየች። እናቷ መምህርን አዩ። ጋሼ ከመንገድ ማዶ ሲስሉ ሳላቸውን ለይተን የምናውቅ ሰዎች፣ ሻያቸውን በስንት ስኳር እንደሚጠጡ የምናውቅ ሰዎች፣ ይህን አናውቅም። ከዚያ ሁላችንም ባንዴ መናገር ጀመርን። እትዬ "አይለየኝ" አሉ። መምህር "የሚቻለው ሁሉ ይደረግለት" አሉ። እኔም "አዎ፣ ሁሉም ይደረግ" አልኩ። ሁላችንም የየራሳችንን ፍላጎት በሳቸው ስም ተናገርን። ባለመኪናውን የጠየቀ የለም።

ማሽኑ ተገጠመ። ቱቦው በአፋቸው ገባ። አንድ አንድ እየሆንን በመስታወት እንድናይ ተፈቀደልን። ተራዬ ሲደርስ እጃቸውን አየሁ። በጨርቅ ካልጋው ብረት ጋር ታስሯል። "ምነው?" ብዬ ነርሷን ብጠይቃት፣ "ቱቦውን ሊነቅሉት እየታገሉ ነው" አለች። የኔ ጌታ! ሳይጠየቁ የተገጠመባቸውን ሊፈቱ ነበር። ያን እጅ አስቡት። የስንቱን ቡሎን የፈታ እጅ። ቀልድ ፈለግሁ። ከአፌ ጠፋ።

በዚያው ክፍል፣ በሩ እንደተዘጋ፣ ማንም አጠገባቸው ሳይኖር አረፉ። መንገድ አይሰማም።

መምህር፣ አይቆጡኝ። ወንጀለኛ ፍለጋ አልመጣሁም። ወንድምዎን ምን ያህል እንደሚወዱ አውቃለሁ፤ ያን ሁሉ ቀን ኮሪደሩ ወለል ላይ ጫማዎን ተንተርሰው ሲተኙ አይቻለሁ። ፍሬን የለሽ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ግን የሁላችንም ፍቅር ፍሬን አልነበረውም። ዶክተር፣ አንቺም ከኋላ እንደቆምሽ አይቼሻለሁ። ሁለቴ መጥተሽ ጠይቀሻል፤ ሁለቴም በር ዘጋንብሽ። የመኪናሽ ፍሪሲዮን ደግሞ እውነትም አልቋል። አምጪው። ጠይቄሽ ነው የምፈታው።

ትናንት ቤት ገብቼ እናቴን ጠየቅኳት። "እማዬ፣ የማይድን በሽታ ቢይዝሽ እንዲነገርሽ ትፈልጊያለሽ? መናገር ቢያቅትሽስ ማን ይናገርልሽ?" ነጠላ ጫማዋን አንስታ ወረወረችብኝ። "ልትቀብረኝ ቸኩለሃል አንተ ውርጋጥ!" ጎንበስ ብዬ አመለጥኩ፤ ልምድ አለኝ። ከዚያ ዝም አልኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቆይታ ቆይታ፣ ዕቃ እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ይነገረኝ" አለች። ደግሞ ትንሽ ቆይታ፣ "ማሽን አልፈልግም። ታላቅ እህትህ ትናገርልኝ፤ አንተ ታስቃቸዋለህ። አክስትህ ደግሞ እየጮኸች ካልጋዬ እንዳትደርስ!" አክስቴ፣ እዚህ ካለሽ ሰምተሻል።

አያችሁ? አልሞተችም። ተናገረች እንጂ አልሞተችም። ዛሬ ቤት ስትገቡ ጠይቁ። ጫማ ቢወረወርባችሁ ጎንበስ በሉ። ጎንበስ ብላችሁም ጠብቁ።

ጋሼ፣ እንግዲህ ልሰናበትዎት ነው። ይህን ቦታ የመረጠችው ልጅዎ ናት። ይስሙት፤ ከመቃብሩ ግንብ ባሻገር ዳገት አለ። መኪና ሁሉ እዚህ ሲደርስ ማርሽ ይቀይራል። ዘግይተንም ቢሆን፣ መንገድ የሚሰማበት ቦታ አመጣንዎት። ይቅር ይበሉን።

ልጨርስ ነበር። ግን ቅድም ጀምሮ አንድ ነገር እያየሁ ነው። እትዬን ግራና ቀኝ ይዛችሁ "ፀሐዩ ይጎዳቸዋል፣ መኪና ውስጥ ይግቡ፣ ቶሎ ቤት እንውሰዳቸው" እያላችሁ እየጎተታችኋቸው ነው። ከልብ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ባለመኪናዋን የጠየቀ አለ?

ቆዩ። ክንዳቸውን ልቀቋቸው።

እትዬ፣ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ? ቤት እንሂድ ወይስ?

ዝም በሉ፤ እንጠብቃቸው።

ሰማችኋቸው? ከኋላ ያላችሁ ሰማችሁ? "እዚህ ልቀመጥ፤ ትንሽ መንገዱን ላዳምጥለት" ነው ያሉት።

ወንበር አምጡላቸው። መኪናዎቹን አጥፏቸው። እኔም ፍሬን ይዣለሁ።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሽ ጆሮ።